«ቁጥር 2ን አጥፍቻለሁ፤ ገባሁ»

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ...

የምሠራው ሊፍት የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተሩ ሥራ የእኔ ነው። ታላቅ ወንድሜም እዚያው ቴክኒሻን ነበር። ጋሼ ነበር የምለው።

ነበር...

ከስድስት ወር በፊት፣ እዚሁ በምንሠራበት ሕንፃ፣ ሊፍት ወርዶበት ሞተ።

የመሥሪያ ቤታችን ደንብ እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ የሥራ መመሪያቸውን ዊኪ በሚባል የጋራ ድረ ገጽ ላይ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ራሳቸው ያርማሉ። ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው ያጠፋውን የኃይል ማጥፊያ ቁጥር እዚያው ይጽፍና «ገባሁ» ይላል። ሲጨርስ «ወጣሁ» ይላል።

የጋሼ የመጨረሻ መስመር «ቁጥር 2ን አጥፍቻለሁ፤ ገባሁ» የሚል ነው። ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት።

መመሪያው ግን ለዚያ ሊፍት 4ን አጥፉ ይላል።

«በገዛ ግድየለሽነቱ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ቀብሩ ላይ ሳይቀር። እናቴ «ልጄ ምስማር እንኳ ሁለቴ ሳያይ አይመታም!» ብላ ተከራከረች። ማን ይስማት? እኔ ራሴ አልሰማኋትም። ስድስት ወር ሙሉ የሞተ ወንድሜን ተቀየምኩት። ሁለትንና አራትን መለየት አቅቶህ ነው እናታችንን እንዲህ ያደረግካት? እያልኩ።

በአደጋው ማግስት ዊኪውን ያስዘጋው ሥራ አስኪያጁ ነው። ያን ማክሰኞ ደግሞ «ሶፍትዌሩን አሻሽለሽ ክፈቺው» አለኝ። የዛሬው ጽሑፍ ብቻ ያለበት አዲስ ዳታቤዝ፣ ማለትም የጽሑፉ ማከማቻ፣ ራሱ አሠርቶ አመጣ።

«አሮጌውን አጥፊው።»

«እሺ» አልኩ። ሥራ ነው።

ሶፍትዌሩ የትኛውን ዳታቤዝ እንደሚከፍት የሚነገረው በአንዲት ፋይል ነው። የአዲሱን ስም ጻፍኩባት። ማሻሻያውን አስነሳሁ።

አልሠራም።

ፋይሏን ከፈትኩ። ያለው የአሮጌው ስም ነው።

ረስቼ ይሆናል ብዬ አስተካከልኳት። እንደገና ከፈትኩ... አሮጌው።

ደሜ ፈላ። «ምን አባሽ ነው የሆንሽው!» ብዬ እንደገና አስተካከልኳትና ማንም እንዳይጽፍባት ቆለፍኳት። ከፈትኩ...

አሮጌው።

ማውሱን ያየሁት ያኔ ነው። በግራ በኩል ተቀምጧል።

እኔ በቀኜ ነው የምሠራው። ቤታችን ውስጥ ግራኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ቀኝ መለስኩት። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግራሶ ግራሶ፣ የሊፍት ማሽን ቅባት፣ ሸተተኝ። ኪቦርዱ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ። በሶፍት ጠረግኩት። ዞር ብዬ ስመለስ ሌላ ቁልፍ ላይ ነበር።

ፋይሏን መጨረሻ የነካት ማን እንደሆነ አየሁ።

የጋሼ ስም። ሰዓቱ ስምንት ከአሥራ ሰባት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሊል ነው። ስሙን ከኮምፒውተሩ የሰረዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ።

ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ!

«ጋሼ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ሞተህም አታሳርፈኝም? እሺ! እንደፈለግክ ይሁን!»

የአሮጌውን ስም ሳልነካ ማሻሻያውን አስነሳሁ። ያለ አንድ ስህተት አለቀ።

አሮጌው ዳታቤዝ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ሁሉንም ይዟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሱም እንደዚያው ነው። የመመሪያውን ገጽ የለውጥ ታሪክ ከፈትኩ።

አደጋው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ 4 ወደ 2 ተቀይሯል። የቀየረው ሥራ አስኪያጁ።

ጋሼ በሞተ በአርባ ደቂቃው፣ 2 ወደ 4 ተመልሷል። የመለሰው ሥራ አስኪያጁ።

ወንድሜ ያደረገው የተጻፈለትን ነው። ልክ እንደተጻፈለት!

«ዝጊው...»

ከኋላዬ ነው። ሥራ አስኪያጁ። መቼ እንደገባ አላውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ቀስ በይ... ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ተሳስቼ ነው... ሰው አይሳሳትም? የሞተ ላይመለስ...»

«አንተ!» አልኩት። አብረን በሠራንበት ስድስት ዓመት ውስጥ ከ«እርስዎ» ሌላ ብዬው አላውቅም። «ገድለኸው ስታበቃ ቀብሩ ላይ ሰደብከው! እናቴ እያለቀሰች ቆመህ አየሃት!»

ኮሌታውን ያዝኩት። እሱ ግን እጁን ሰዶ ኪቦርዱን ከነገመዱ ነቀለና ወረወረው። ግድግዳው ጋ ሄዶ ተሰበረ።



ስክሪኑ ላይ ፊደል መጣ...

ከዚያ ሌላ ፊደል...

በጋሼ ስም ነው። ቀስ እያለ፣ በአንድ ጣት እንደሚጽፍ ሰው። ጋሼ እንደዚያ ነበር የሚጽፈው፤ ሁሌ እስቅበት ነበር።

«ወጣሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። እኔ አለቀስኩ። ስድስት ወር ሙሉ ያላለቀስኩትን።

ኮሪደሩ ላይ የሊፍቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ወጥቼ አየሁ።

ባዶ ነው።

ከሊፍቱ በር ጀምሮ ግን ግራሶ የነካው የጫማ ዱካ አለ። በእኔ ክፍል ደጃፍ አለፈ... በጥበቃው ወንበር አለፈ... እስከ መንገዱ በር ድረስ።

ሁሉም ወደ ውጭ የሚሄድ ነው። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት።

ገና እርጥብ ነበር።