የግራ እጅ ልማድ

ሰኞ ጠዋት በአልዊን ፕሬስኮት የፖም እርሻ ጎተራ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ በራሱ ሞተር የመጣው የሟቹ ወንድም ሬክስ፣ ሟቹን ሞተር መንዳት ታስተምረው የነበረችው ኖኤላ፣ የእርሻው ሠራተኛ ትሬንት እና ከሆባርት ከተማ የመጣችው መርማሪ ሳጅን ቴልማ። አልዊን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣ ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ተገኝቷል። ሞተሩም አጠገቡ ወድቆ ነበር።

«ይቺ ናት የገደለችው!» አለ ሬክስ። «ዕድሜውን በሳይክል የኖረን ሰው ሞተር ላይ አወጣችው።»

ኖኤላ የማስተማር ፈቃዷን ዛሬ ጠዋት ተነጥቃለች፤ ጥፋቱ ከጸናባት የሚጠብቃት እስር ነው።

«አንተ ምን አየህ?» አለችው ቴልማ ሬክስን።

«በረንዳው ላይ ነበርኩ። ብቻውን እየበረረ ወረደ። ደነገጠና የኋላውን ፍሬን በእግሩ ረገጠ፤ ጎማው ተንሸራቶ ከዛፉ ጋር ተላተመ። ምልክቱ እኮ እዚያው አለ፣ ሳጅን።»

«አለ» አለ ትሬንት። «ከፈረስ ሌላ ወጥቼ የማላውቀው እኔ እንኳ አይቼዋለሁ።»

ቴልማ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። የኋላው ጎማ ሳይዞር ተጎትቶ የቦረቦረው መስመር ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር። የዛፉ ቅርፊት ግን አልተጫረም። ተመልሳ ገባች።

«ኖኤላ፣ ሳይክል የሚያውቅ ሰው ሞተር ሲይዝ እንዴት ነው?»

«ግማሹን ተምሮ ነው የሚመጣው። ሚዛን መጠበቁን፣ ኩርባ ላይ ማጋደሉን፣ አርቆ ማየቱን አላስተማርኩትም። ግን ሲደነግጥ…»

«ሲደነግጥ?»

«ግራ እጁን ይጨብጣል። የሳይክሉ የኋላ ፍሬን እዚያ ነዋ! ሞተር ላይ እዚያ ያለው ፍሪሲዮን ነው፤ ከጨበጥከው ጎማው እንደ ልቡ ይሮጣል። ፍሬኑ ቀኝ እግሩ ሥር መሆኑ ትዝም አይለው። ቅዳሜ የዶሮዎቹን አጥር የጣሰው እንደዚያ ነው።»

ትሬንት ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፈረ። «ዶሮዎቹ እስካሁን አልተመለሱም።»

ቴልማ ወደ ሬክስ ዞረች። «የደነገጠ ሰው ልማዱ ይቀድመዋል። የወረደው አልዊን ቢሆን ኖሮ ያ መስመር አይኖርም ነበር። መስመሩን የሠራው እግሩ ፍሬኑን የለመደ ሰው ነው። ትሬንት አይነዳም። ኖኤላ እሑድን ሙሉ ሆባርት ስታስተምር ነው የዋለችው። ዛፉንም የነካው የለም፤ ሞተሩን ሰው ነው ያስተኛው።»

«እና እኔ ያየሁት…»

«አላየህም፣ ሬክስ። ራስህ ያደረግከውን ነው የነገርከኝ።»

ሬክስ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። «የአባታችንን መሬት አልሸጥም አለኝ» አለ። «በአካፋ አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።»

ከሰዓት በኋላ ሬክስ ወደ ሆባርት ተወሰደ። ኖኤላ ፈቃዷ ተመለሰላት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማንንም አላስተማረችም።