ክንፉን ያጋጨው እጅ

አምቡላንሱ በሽተኛዋን ለትንሿ አውሮፕላን አስረከበ። ቃሬዛው ላይ የተኛችው ሴት እስከ አፍንጫዋ ተሸፍናለች። ከሊድ ግን ለያት።

ሀናን ናት።

ፋርማሲስቷ ከጠፋች ሦስት ቀኗ ነው። ሐሰተኛ መድኃኒት የሚያመርቱትን ሰዎች አንድ በአንድ ታውቃለች። አሁን አደንዝዘው ሊወስዷት ነው። አውሮፕላኗ ከተነሳች ሀናንን ዳግም የሚያያት የለም።

ከሊድ በኮምቦልቻ ኤርፖርት አውሮፕላን በእጅ ምልክት እየመራ ሲያስገባና ሲያስወጣ ስምንት ወሩ ነው። የሐሰተኛ መድኃኒቱን ነጋዴዎች የሚከታተል ሰላይ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደሴ ተቀምጦ የሚያዘው አለቃው። የከሊድ የምስጢር ስም ዋርካ፣ የአለቃው ጋቢ ይባላል።

ደወለለት።

«ልጅቷን ጭነዋታል። ፖሊሶቹ የታሉ?»

«ፖሊስ አይመጣም። አሳልፋት።»

የአውሮፕላኗ ሞተር ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ያው ሳል በስልኩም ውስጥ ተሰማው። ከሊድ ቀና አለ። በመስኮቱ በኩል፣ ከሀናን አጠገብ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው ተቀምጧል።

ጋቢ ራሱ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። መሣሪያ አልያዘም። ሊገታቸው ቢሮጥ ተኩሰው ይጥሉታል። ግን ጠባብ ቦታ ላይ ፓይለት ክንፉን አይለካም፤ የመሪውን እጅ ያምናል።

ሁለት እጁን አንስቶ «ና» አለው። ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ መብራቱ ምሰሶ ሳበው። ፓይለቱ ጠርጥሮ ቀዝቀዝ አለ። ከሊድ ፈገግ ብሎ ደገመለት። ሰፊ ነው፣ ና።

ሁለት ሜትር።

አንድ።

ክንፉ ምሰሶውን ገጨ። አውሮፕላኗ ዞራ ፕሮፔለሯ ከብረት አጥሩ ጋር ተላተመ። ስባሪው የከሊድን ቀኝ እጅ አገኘው፤ ሁለት ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

እጁን በሰደሪያው ጠቅልሎ የአውሮፕላኗን በር ከፈተ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከበቡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጋቢ ሽጉጡን መምዘዝ አልቻለም።

«ምን ሠራህ?» አለው በሹክሹክታ።

«ወላሂ፣ እጄ ተሳስቶ ነው» አለ ከሊድ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለ። «አብሽሪ ሀናን። የትም አይወስዱሽም።»

ሀናን ሆስፒታል ነቅታ ስሞቹን ሁሉ ለፖሊስ ተናገረች። ጋቢ ታሰረ። ከሊድ ደግሞ በቸልተኝነት አውሮፕላን አጋጭተሃል ተብሎ ከሥራ ተባረረ። ይግባኝ ቢል ማንነቱን ማውጣት ሊኖርበት ነው። የስንብት ደብዳቤው ላይ በግራ እጁ ፈረመ።

ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው የሚያወራው ይህንኑ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ እንዴት ያለ ደንቆሮ ነው አውሮፕላን ከምሰሶ የሚያላትም ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከሊድ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አብሮ ሳቀ።

«እሱ ሰውዬ ዕድል ቢያገኝ ነገም ይደግመዋል፣ አባባ» አላቸው።

ደሴ ፒያሳ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ።