እንጉዳዮቹ ያልቀመሱት አሞኒያ

ተመራማሪው ተውፊቅ ኮምቦልቻ በሚገኘው የእንጉዳይ ማምረቻ፣ በማብቀያው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። ሐኪሙ ሳንባውን ያቃጠለው አሞኒያ ነው አለ። ኢንስፔክተር ራሂማን ይበልጥ ያንገሸገሻት ግን ሌላ ነበር፤ በአስከሬኑ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ከረጢቶች እንጉዳያቸው ተለቅሟል።

«ምርቱ የት ሄደ?»

«ደሴ፣ ፒያሳ ላሉ ሆቴሎች ተጫነ» አለ ባለቤቱ ሸረፈዲን። «ካደረ ይጠወልጋል፣ ምን ላድርግ እህቴ?»

«ሬሳው አጠገብ ቆመው ለቀሙ?»

«ምንም አልሆነም እኮ። እኔም ቁርሴን በልቼዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»



ሠራተኛዋ ሰዒዳ በካቴና ታስራ ታለቅሳለች። ገና ያልተብላላ፣ አሞኒያ የሚተፋ የዶሮ ኩስ ወደ ክፍሉ አስገብታ ሰው ገደለች ብሎ የከሰሳት ሸረፈዲን ነው።

«ወላሂ ኩሱን ከማብላያው መጋዘን አላወጣሁም! ቁልፉ መች ከጋሽ ሸረፈዲን ኪስ ወጥቶ ያውቃል? ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

ራሂማ ወደ ተቆጣጣሪዋ ኩኩ ዞረች። «ተውፊቅ ከማን ተጣልቶ ነበር?»

«ጋሽ ሸረፈዲን ምርቱ እንዲፋፋ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨምርበት ሲለው አሻፈረኝ አለ። ለሆቴሎቹ እናገራለሁ ብሎም ዝቶ ነበር።»

ራሂማ ለለቀማ ያልደረሱትን ትንንሽ እንጉዳዮች በበረዶ አሽጋ ለዘረ መል ባለሙያው ለጥበቡ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እንጉዳይ ናይትሮጅን ይመገባል» አለች። «አሞኒያ ሲበዛበት፣ ያንን ለመቋቋም የሚነቃ ዘረ መል አለው። የእነዚህ ግን እንደተኛ ነው፤ እዚህ ክፍል ጋዝ አልገባም። ስለዚህ ተውፊቅ የሞተው ኩሱ ከሚብላላበት መጋዘን ውስጥ ነው።»

ኩኩ ሸረፈዲንን አፍጥጣ አየችው።

ራሂማ ከእንግዲህ እርስዎ ልትለው አንደበቷ እምቢ አለ። «ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው። ሰዒዳ ላይ ለመለጠፍ ሬሳውን ጎትተህ አመጣኸው። ክፍሉ መርዝ ሞልቶት ነበር እያልክ እንጉዳዩን ያለ ስጋት በላህ። ንጹሕ መሆኑን ካንተ በቀር ማን ያውቅ ነበር?»

ሸረፈዲን ላቡን ጠረገ። «ትንሽ እንዲያስብበት ብዬ ነው የዘጋሁበት። በሩን ሲደበድብ ቆይቶ ዝም ሲል፣ የተስማማ መሰለኝ።»

ራሂማ ካቴናውን ከሰዒዳ እጅ ፈትታ በሱ ላይ ቆለፈችው።

ሰዒዳ የተላጠ የእጇን አንጓ እያሻሸች ፊቱ ቆመች።

«ያ አላህ! በሩን ሲደበድብ እየሰማኸው?» አለችው።