ከሦስት ወደ አምስት

«ባትሪውን እኔ የማየው ላይ አብሪልኝ አልኩሽ እኮ! አንቺ የምታዪው ላይ አይደለም!»

ብሪን ባትሪውን ወደ ግራ አዞረች። ክንዷ ዝሏል። አባቷ ዴል ከወገቡ በላይ ከሲንኩ ሥር ባለው ካቢኔት ውስጥ ገብቷል፤ ውጭ የቀሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው። ከምሳ ወዲህ ቱቦውን ሲፈታ ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«አባዬ፣ ለምን የቧንቧ ሠራተኛ አንጠራም?»

«በምስጋና በዓል ዋዜማ? ደግሞስ እዚህ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ገብቶ ያውቃል? አያትሽ ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ይከርማል።»

ነገ አሥራ አንድ ሰው የበዓሉን የተርኪ ዶሮ ጥብስ ሊበላ ይመጣል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ግን ውሃውን አላስወጣም ብሎ፣ ሆዱ ውስጥ ቅባት የተንሳፈፈበት ቡናማ ውሃ አቁሯል። ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። ዴል አሮጌውን የምግብ ትራፊ መፍጫ ነቅሎ አዲሱን ከሲንኩ ሥር ሰቀለ። የማሽኑ ቆሻሻ ውሃ በቀጭን ጎማ መጥቶ የሚወጣው በዚሁ መፍጫ በኩል ነው።

«አገኘሁት!» ዴል እየተንፏቀቀ ወጣ። እጁ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ጭቃ የመሰለ ቅባት የለበሰች የፕላስቲክ ዳይኖሰር ነበረች። «ኮልተን! ና ወዲህ!»

የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ከሳሎን እየሮጠ መጣ። ብርቱካናማ የአደን ኮፍያውን ከአሁኑ አጥልቋል። ዓርብ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአያቱ ጋር አጋዘን አደን ሊሄድ ነው፤ ዓመት ሙሉ ቀን ሲቆጥር ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ... ግን አባዬ፣ እሱ እኮ አምና ነው የጠፋብኝ!»

«ሲንክ ውስጥ ዳይኖሰር የሚያረባ ልጅ ጠመንጃ አጠገብ አይደርስም። ዓርብ ቤት ትቀመጣለህ።»

«አባዬ!»

«በቃ ብያለሁ።»

ኮልተን ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ክፍሉ ሄደ። ቢጮህ ይሻል ነበር፤ ብሪን ጩኸቱን ለምዳዋለች።

ዴል ቱቦውን መልሶ ገጠመና ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ አቃሰተ። ውሃው ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲያው ጎማው ነው!» ዴል ፎጣውን ወርውሮ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ሱቁ ሳይዘጋ አዲስ ገዝቼ ልምጣ። ምንም እንዳትነኪ!»

«ታዲያ ዳይኖሰሩ ካልሆነ ኮልተን ምን አጠፋ?»

«ሲንኩ ውስጥ መክተቱ ቀረ እንዴ?» በሩ ተደርግሞ ተዘጋ።

ብሪን የሲንኩን ውሃ ከፈተች። እየተንደቀደቀ ሄደ። እንግዲያው ከመፍጫው በታች ያለው መንገድ ክፍት ነው። የተዘጋው ጎማው ከመፍጫው ጋር የሚገናኝበት ቦታ መሆን አለበት።

መመሪያው ትዝ አላት። ዴል መመሪያ አያነብም፤ «እሱ እጁን ለማያምን ሰው ነው» ይላል። ቅዳሜ ስለዚህ ጮክ ብላ ታነብለት የነበረችው እሷ ናት። ያለቀ ባትሪና የየትም በር ያልሆኑ ቁልፎች የሚጣሉበትን መሳቢያ ጎርጉራ ወረቀቱን አወጣችው። አንድ፣ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። ሁለት። ሦስት። አራት፦ «የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ካለዎት፣ መፍጫውን ከመስቀልዎ በፊት ጎማው የሚገባበትን የጎን ቀዳዳ መድፈኛ በካቻቢቴ መትተው ያስወግዱ።»

ይሄን መስመር አይታው አታውቅም። ቅዳሜ ሦስትን እንደጨረሰች ስልኳ ጮኸ፤ ጓደኛዋ ነበረች። መልሳ ወረቀቱን ስታይ ዓይኗ ያረፈው አምስት ላይ ነው። መጨረሻ ላይ አባቷ «ምንም አልዘለልሽም?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ምንም፣ አባዬ።»

የመፍጫውን ሶኬት ነቀለች። ጎማውን ፈትታ ባትሪውን አበራችበት። የመፍጫው የጎን ቀዳዳ ሳንቲም በምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ድፍን ብሏል።

አንድ የመዶሻ ምት ነው የሚፈልገው። መድፈኛውን አውልቃ ትጥለዋለች፣ ጎማውን ትመልሰዋለች፣ ማሽኑም ይሠራል። አባቷ «አየሽ፣ ደህና አድርጌ ጠርጌው ነው» ይላል። ማንም አይጠይቃትም። ዳይኖሰሩ እንደሆነ የእውነትም የኮልተን ነው።

ካቻቢቴውን መድፈኛው ላይ ደገነች። መዶሻውን አነሳች። ከተንበረከከችበት ሆና፣ ብርቱካናማው ኮፍያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይታያታል።

ዴል ትከሻው ላይ በረዶ፣ እጁ ላይ አዲስ ጎማ ይዞ ገባ።

«ምንም አትንኪ አላልኩሽም?»

መድፈኛው እንዳለ ነበር። ብሪን ወረቀቱን ቁጥር አራት እንዲታይ አጥፋ ሰጠችው።

«ቅዳሜ ይቺን ዘልያታለሁ» አለች። ከዚያ ወደ ካቢኔቱ ገባችና ባትሪውን ወደ ኋላ ዘረጋችለት። «ያዝልኝ፣ አባዬ። እኔ የማየው ላይ አብራልኝ።»