የሰባት ሰዓቱ ቆጠራ

እኔ ወዳጄ፣ ጂን አየሁ ጋኔን ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ መጀመሪያ የሚታየኝ ያልተኛበት ሌሊት ነው፣ እናቴ በእኩለ ቀን ስወጣ «የቀትር ጋኔን እንዳይለክፍህ» ስትለኝ እንኳ «እሱም በድሬ ፀሐይ አይወጣም» እያልኩ የምስቅባት ሰው ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምልህ፣ የማወራህ ስለማምንበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ መሆኑን እንድታውቅልኝ ነው።

ሥራዬ ድሬ ዳዋ ውስጥ ባዶ ሱቅ መቁጠር ነው። የመንግሥት ሱቅ ተከራይቶ ቆልፎ የሚጠፋ ሰው ሞልቷል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሱቅ አጥቶ ፀሐይ ላይ የሚነግድ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል፣ እኛ እየዞርን እናንኳኳለን፣ «ሰው አለ?» እንላለን፣ በሦስት ቀን መልስ ከጠፋ ባዶ ተብሎ ይመዘገብና ለባለ ተራው ይሰጣል። ታዲያ ከደጋ የመጣው አዲሱ አለቃችን «በምሳ ሰዓት ነጋዴ ከሱቁ አይጠፋም» ብሎ በሰባት ሰዓት እንድንዞር አዘዘን፣ ድሬ ደግሞ በሰባት ሰዓት ከተማው ዘግቶ ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ በመጀመሪያው ሳምንት የከዚራን ሰፈር በሞላ ባዶ ብለን መዝግበን ገባን። አለቃችን ተቆጣ እንጂ ሰዓቱን አልቀየረም፣ እኔም መከራከሩ ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ ዞርኩ።

ሃዋን ያወቅኋት ያኔ ነው። ታይዋን የሚባለው ገበያ መግቢያ ላይ ካርቶን አንጥፋ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ የወረፋው ባለ ተራ ነች። ባየችኝ ቁጥር «አንተ፣ የኔ ሱቅ መቼ ነው? ዋላሂ ይሄ ፀሐይ ጨረሰኝ» ትለኛለች፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም፣ እኔም «ትንሽ ታገሺ» እላታለሁ።

ለሷ ያሰብኩላት መጋላ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፣ ተከራይዋ ጅቡቲ ሄዶ የቀረ፣ ቁልፏ የዛገ። ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ ማንም አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እንኳ አልነበረም፣ የብረት በሩ ያቃጥላል፣ አንኳኳሁና «ሰው አለ?» ብዬ ልጽፍ ጎንበስ ስል ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ እመነኝ፣ ከጎረቤት አይደለም፣ ከዚያው ከበሩ ጀርባ ነው፣ ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ቀጥሎም ደከም ያለ የሴት ድምፅ «አለሁ» ሲል።

ቁልፉን ነካሁት፣ የተቆለፈው ከውጭ ነው፣ ዝገቱ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ በር የላትም፣ ኋላዋ ግንብ ነው። ደግሜ ተጣራሁ፣ ጸጥ አለ። ምን አደረግህ በለኝ? ቅጹ የሚጠይቀው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው፣ «አለ» ብዬ ብጽፍ ሃዋ ስንት ዓመት ፀሐይ ላይ እንደምትቀር እግዜር ይወቅ፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና «የለም» ላይ ፈረምኩ። ቁልፉ ሲሰበር እዚያው ቆሜ ነበር፣ ውስጡ ወለሉን የሸፈነ አቧራ ብቻ፣ የእግር ዱካ የለም፣ ወንበር የለም። ሃዋ እልል ስትል እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

ከሦስት ወር በኋላ አለቃው ተቀየረ፣ ዙሩ ወደ ጠዋት ተመለሰ፣ እኔም በቀትር እንደ ሰው ቤቴ መተኛት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት በመጋላ ሳልፍ ሃዋ ጠራችኝ። ሱቋ በልብስ ሞልቷል፣ እሷ ግን ከስታለች፣ ዓይኗ ሰርጉዷል።

«አቦ ምን በደልኩህ?» አለችኝ። «በየቀኑ በሰባት ሰዓት ለምን ትመጣብኛለህ?»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን ነው? ታንኳኳለህ፣ ሰው አለ ትላለህ፣ ድምፅህን አላውቀውም? ባዶ ብለህ እንዳትጽፈኝ ብዬ ለምሳ ቤቴ መሄድ ትቻለሁ፣ ዘግቼ እዚሁ ሙቀት ውስጥ እጠብቅሃለሁ፣ ስታንኳኳ ወንበሬን ስቤ ‹አለሁ› እልሃለሁ፣ ስከፍት የለህም!»

‹አለሁ› ስትል ድምፁን ለየሁት። ያኔ በተቆለፈው በር በኩል የሰማሁት የሷ ነበር፣ እሷ ገና ታይዋን ካርቶኗ ላይ ተቀምጣ ሳለች። ፈራሁ፣ ከማፈሬም የተነሳ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«በዚያ ሰዓት እኮ ተኝቼ ነው» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሰሞኑን ከቀትር እንቅልፌ የምነሳው ስተኛ ከነበርኩት ይልቅ ደክሞኝ ነው፣ እግሬ ከተማ ሲዞር እንደዋለ ሰው እግር አብጦ፣ ጫማ አልገባ ብሎኝ።

«ልጆቼን የማበላው በዚህች ሱቅ ነው፣ አትምጣብኝ» አለችኝ፣ እንባዋ መጣ።

«ከእንግዲህ አልመጣም፣ ቤትሽ ሄደሽ እረፊ» ብዬ ማልኩላት። አምናኝ መረቀችኝ፣ ያን ቀትርም በሯን ዘግታ ወደ ልጆቿ ሄደች። እኔ ስተኛ የሚያንኳኳው በሦስት ቀን መልስ ካጣ ምን እንደሚጽፍ እያወቅሁ፣ በምን ተማምኜ እንደማልኩላት ግን እስካሁን አላውቅም።