ለጤነኛ ጫጩት የተሰጠ መድኃኒት

ጡረተኛው ሹፌር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወሬው ሁሉ ከዶሮዎቹ ጋር ነበር። ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ከፈት አድርጎ «እንዴት አደራችሁ፣ እናንተ ወሬኞች!» ይላል። እነሱ ይንጫጫሉ፤ ለእሱ ያ መልስ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው አንድ ሰሃንና አንድ ወንበር ብቻ ነው።

ሚስቱ ስትታመም እሱ መንገድ ላይ ነበር። በስልክ «ጉንፋን ነው፣ ይለቅሻል» ብሎ አጽናናት። ሲመለስ ሐኪሞቹ «ቀደም ብላ መድኃኒት ጀምራ ቢሆን ኖሮ» አሉት። ያቺ ቃል እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክታ ቀረች። ዶሮ ማርባት ሲጀምርም በጫጩቶቹ የመጠጥ ውሃ ላይ ማልዶ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መበጥበጥ ልማዱ ሆነ፤ የታመመ ኖረም አልኖረም።

«በሽታው ሳይቀድመን እንቅደመው» ይላቸዋል።

መጀመሪያ ላይ የበጀው መሰለው። በኋላ ግን ከማስፈልፈያ ያመጣቸው ጫጩቶች ተቅማጥ ይዟቸው፣ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ለጥግ ይቆዝሙ ጀመር። መድኃኒቱን ጨመረ፤ ሞቱ። ሌላ ዓይነት ሞከረ፤ ሞቱ። አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሰላምታውን ሳይጨርስ በሩን መልሶ ገጠመው።

የእንስሳት ሐኪሟን ጠራት። ከሞቱት ወስዳ አስመረመረችና ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ የገደላቸው ተህዋሲ መድኃኒቱን ለምዶታል። በየዕለቱ ሲቀምሰው ደካማው አለቀ፣ ብርቱው ተረፈና ተራባ። እንዲህ ያለው ወደ ሰው ከተጋባ ደግሞ ሰውንም መድኃኒቱ በቀላሉ አያድነውም።»

«ታዲያ እስኪታመሙ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ዘግይቼ ያጣሁት አይበቃኝም?» አላት።

ሐኪሟ የሚስቱን ታሪክ ታውቃለች። «ባለቤትዎ ታመው ነበር፤ መድኃኒት ይገባቸው ነበር። እነዚህ ግን ሲጀመር አልታመሙም።»

 እሷም ቀጠለች፤ «በእናቱ ሥር የተፈለፈለ ጫጩት ከእናቱ ኩስ እየለቀመ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያገኛል። በማሽን የተፈለፈለው ግን እናቱን አያውቃትም፤ ባዶ አንጀቱን ይመጣል። ባዶ ቤት ደግሞ ሌባ ይደፍረዋል። እርስዎም በመድኃኒቱ ጥሩውን ከመጥፎው ጋር ጠረጉት። ቤቱን ያጽዱ፣ ጉዝጓዙን ይለውጡ። ለሚመጡት ጠቃሚውን ባክቴሪያ ገና ከጅምሩ በውሃ እንሰጣቸዋለን።»

«ተህዋሲ በገዛ እጄ ላጠጣ? ጉድ እኮ ነው!» አለ። ቆየት ብሎ ግን በቀስታ «የባዶ ቤት ነገር ለእኔ አይነገርም፣ ልጄ። ይሁን» አላት።

አዲሶቹ መጡ፤ እንዳለችው አደረገ። አንድ ማለዳ አንዷ ጫጩት አነጠሰች። እጁ ወደ መድኃኒቱ ተዘረጋ። ከዚያ መለስ ብሎ ስልኩን አነሳ። ሐኪሟ መጥታ መስኮቶቹን ከፋፈተች፤ የታፈነው አየርና አቧራው ነበር። ጥቂቶቹ ሞቱበት፣ አዘነም። አብዛኞቹ ግን ያለ መድኃኒት አደጉ።

በዚያው ሰሞን ዶሮ የምታረባ ጎረቤቱ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ከዚያ መድኃኒት ትንሽ ይስጡኝ። ጫጩቶቼስ ደህና ናቸው፤ ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«‹ለማንኛውም› የሚባል በሽታ የለም እኮ!» አላት። «መድኃኒት ለታመመ ነው፣ እሱም ሐኪም ሲያዝ። ይልቅ ልምጣና አብረን እንያቸው።»

ኮቱን ደርቦ ተከተላት። የሰው ግቢ ከረገጠ ዘመናት አልፈው ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ባክቴሪያዎቹ አወራላት፤ ለካ ሰው ሲያገኝ ወሬ የማይቆምለት ሰው ኖሯል።

እኛም ልብ እንበል፤ መድኃኒትን ለፍርሃታችን ማስታገሻ ካደረግነው፣ በሽታው የመጣ ዕለት ባዶ እጃችንን ያገኘናል።