የመንገደኛ ምርመራ

አሕመድኑር በደጉ ጊዜ የመካነ ሰላም በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ወደ ከላላ ገበያ ሲወርዱ በቅሎዋን እየሳቡ እንጂ ተቀምጠውባት ያየ የለም። «የምሸጣትን ለምን ላድክማት?» ይሉ ነበር። ያን ዘመን ሲያነሱት ዛሬም ፊታቸው ይፈካል። ከሁሉ የሚናፍቃቸው ግን ማታ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ጠይባ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ የምታጥባቸው ነገር ነው። እሾህም ስንጥቅም የምታገኘው እሷ ነበረች።

ጠይባ ለሥራ ጅዳ ሄደች፤ በምትልከው ገንዘብ ቤቱም ጠገበ። የአሕመድኑር ሻይ ማንኪያ እስኪያቆም በስኳር ወፈረ፤ እሳቸውም ወፈሩ። ጎረቤቱ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመቸዎት» አላቸው። ውሃ ውሃ ሲላቸውና ለሽንት ሲመላለሱ ልብ ያለ የለም። ልጃቸው የላከችው አዲስ ጫማ የእግር ጣታቸውን ሲልጠው እሳቸውም አልተሰማቸው።

ቁስሉ ወር ሞላው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሰብሌ «አባቴ፣ ደምዎን ይመርመሩ» ብትላቸው ሳቁባት።

«ልጄ፣ ደም የሚመረመረው ዐረብ አገር የሚሄድ ነው። ጠይባም ስትሄድ ሰጥታለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ልሄድ?»

በ2006 ዓ.ም. ጠይባ ከሳዑዲ ተመለሰች። እንደ ድሮው ውሃ አሙቃ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ሁለት ጣታቸው ጠቁሮ አገኘችው።

«አባባ፣ ይሄን ማንም አላየልዎትም?»

«የምታዪልኝ አንቺ ነበርሽ» አሏት።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ አስረዳቸው፦ «ነጭ የደም ሴል የገላ ዘበኛ ነው። ቁስሉ ስለመረቀዘ የእርስዎ ቁጥሩ በዝቷል። ቁጥሩ መብዛቱ ብቻውን የስኳር በሽታ አለ አያሰኝም፤ ስኳሩንም ለክተን ከፍ ብሎ አገኘነው። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ዘበኛው ቢበዛም ጉልበት ያጣል፤ እግርም ደንዝዞ ቁስሉ አይሰማም። ቀደም ብለው ቢመጡ ጣቶቹን ባተረፍናቸው ነበር።»

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፤ እግሩ ተረፈ።

ወገኖቼ፣ ውፍረት ሁሉ ምቾት አይደለም። ጥም ሲበዛ፣ ቁስል አልሽር ሲል ቀኑን ሳያሳልፉ መመርመር ነው። የወላጆቻችንንም እግር ጎንበስ ብለን እንይ።

አሁን አሕመድኑር በየወሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ለምርመራ ይወጣሉ። የገበያ ጓደኛቸው ጋሹ ባያቸው ቁጥር ይቀልድባቸዋል።

«አሕመድኑር፣ አሁንም ደም ሊሰጡ? የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም አልሄድ ጋሹ» ይሉታል፤ «ልቆይ ነው።»